የመቀርቀሪያ ጥርስ ምርጫ፦ ባለሁለት፣ ባለሦስት ወይስ ባለዘጠኝ?

በእጅ እየተሳበ የሚያጎርስ ጠመንጃ ሊገዛ የተነሣ ሰው ስለ መቀርቀሪያው ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚነገረው ቁጥር ነው። ይህኛው ባለሁለት ጥርስ ነው፣ ያኛው ባለሦስት፣ ወዲያ ጥግ ላይ ያለው ውዱ ደግሞ ባለዘጠኝ ነው ይባላል፤ ገዢውም ጥርሱ በበዛ ቁጥር ጠመንጃው የጠነከረ እየመሰለው ወደ ትልቁ ቁጥር ያደላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ግምት ለማረም ነው። የጥርስ ብዛት የሚናገረው ነገር ቢኖርም ከመመዘኛዎቹ ሁሉ መጨረሻ መምጣት የሚገባው ይመስለኛል፤ ከእርሱ በፊት ጥርሱ በመቀርቀሪያው ላይ የት እንደቆመ፣ ከጥርሶቹ ስንቱ በእውነት ጭነት እንደሚሸከም፣ እጀታውን ለማንሳት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግና ብረቱ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል።

የጠመንጃ መቀርቀሪያ በሥራው ከበር መቀርቀሪያ ብዙም የራቀ አይደለም። ወደ ፊት ሲገፋ ጥይቱን ከካዝናው አንሥቶ ወደ መጉረሻው ያስገባል፤ እጀታው ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ከአካሉ ወጣ ወጣ ያሉት የብረት ጉብታዎች፣ እዚህ ጥርስ የምንላቸው፣ በመቀርቀሪያው ቤት ውስጥ ወደተፈለፈለላቸው ቦታ ዞረው ከትከሻዎቹ፣ ማለትም ወደ ኋላ እንዳይሄዱ ከሚያግዷቸው የብረት እርከኖች፣ ጋር ይገጥማሉ። ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩን ወደ ፊት የሚገፋው ጋዝ በዚያው ቅጽበት ቀለሃውን ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይገፋዋል። በጋዙና በሰውየው መካከል የቆሙት እነዚያ ጥርሶች ብቻ ናቸው።

ጥርሶቹ የሚሸከሙት ምን ያህል ነው?

ጭነቱን በቁጥር ማየት ከብዙ ክርክር ያድናል። .308 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት በአውሮፓ ደረጃ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 415 ሜጋፓስካል ነው። ይህ ግፊት 12 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባለው የቀለሃ መቀመጫ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢያርፍ ወደ 47 ኪሎኒውተን፣ ማለትም ከ4 ቶን ተኩል በላይ ክብደት ያህል ይሆናል። ጋዙ የሚገፋው የቀለሃውን የውስጥ ስፋት ብቻ በመሆኑ፣ ቀለሃውም ሲነፋ የመጉረሻውን ግድግዳ ጨምድዶ ስለሚይዝ፣ በጥርሶቹ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ያነሰ ነው። እንደ .300 ዊንቸስተር ማግነም ያሉት ባለወፍራም ቀለሃ ጥይቶች በተመሳሳይ ስሌት ወደ 57 ኪሎኒውተን ይጠጋሉ፤ ትንሿ .22 ግን ከግማሽ ቶን በታች ናት። በብዙ ባለ.22 ጠመንጃዎች ላይ ለብቻው የተሠራ ጥርስ የማናየውና የእጀታው ሥር ብቻ እንደ ጥርስ ሆኖ የሚበቃው ለዚህ ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ የጥንቃቄ ነጥብ ይወጣል። ቀለሃው ግድግዳውን ጨምድዶ መያዙ ከጭነቱ ከፊሉን የሚቀንስ ከሆነ፣ በመጉረሻው ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ቅባት ያንን እርዳታ ነጥቆ ጭነቱን ወደ ጥርሶቹ ያዛውረዋል። ስለዚህ ጠመንጃውን ወልውሎ ዘይት የቀባ ሰው ከመተኮሱ በፊት መጉረሻውን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ አለበት። የጥርሶቹ ጀርባ ግን ብረት በብረት ላይ የሚፋተግበት ቦታ ስለሆነ ጥቂት ግሪስ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን ቦታዎች ማምታታት አይገባም።

ከፊት ወይስ ከኋላ?

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይህ ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን ግፊቱ ዝቅተኛ ስለነበር አንድ ድጋፍ ይበቃ ነበር። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት፣ ስሙን ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ ያገኘው የ1874 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን፣ መቀርቀሪያው የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ባለው ወፍራም ብረት ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ መጥቶ ግፊቱ ሲያሻቅብ ግን ይህ አልበቃም፤ በ1886 የወጣው የፈረንሳዩ ለበል ከመቀርቀሪያው ራስ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጥርሶችን ይዞ ብቅ አለ። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘርም በ1889 ለቤልጂግ ጦር በተመረጠው ጠመንጃው ሁለቱን ጥርሶች ከመቀርቀሪያው አካል ጋር አንድ ወጥ አድርጎ ሠራቸው፤ በ1898 ደግሞ ከኋላ፣ በእጀታው አጠገብ፣ ሦስተኛ የደኅንነት ጥርስ ጨመረ። ይህ ሦስተኛ ጥርስ በተለመደው አሠራር ምንም ጭነት አይሸከምም፤ የፊተኞቹ ቢሰበሩ መቀርቀሪያው ወደ ተኳሹ እንዳይወረወር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የገዛቻቸውና በልጅግ በሚል ስም የታወቁት ጠመንጃዎች ከዚሁ የማውዘር 98 ቤተሰብ ናቸው።

የፊት ጥርስ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ግፊቱ ከቀለሃው መቀመጫ ተነሥቶ ወደ ትከሻው ለመድረስ የሚጓዘው እጅግ አጭር መንገድ ስለሆነ፣ ሲተኮስ የሚጨመቀው ብረት ጥቂት ነው፤ የመቀርቀሪያው ቤትም ከአፈሙዙ አጠገብ ያለው ቀለበቱ ብቻ ይወጠራል እንጂ ከካዝናው በላይ ያለው ስስ ክፍሉ አይነካም። ቀለሃውም ስለማይለጠጥ፣ ቀለሃ እየሰበሰበ እንደገና ጥይት ለሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ ያገለግለዋል። ጉዳቱ ደግሞ ጥርሶቹ የሚዞሩበት ጉድጓድ ከቀለበቱ ውስጥ ተደብቆ መገኘቱ ነው፤ አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይጠራቀምበታል፣ ለማጽዳትም ረዘም ያለ ልዩ መጥረጊያ ይጠይቃል።

የኋላ ጥርስ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ የሚነቅፉት ነው። የእንግሊዙ ሊ-ኤንፊልድ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ያለፈው በኋላ ጥርሶቹ ነው፤ የቀኙ ረጅም ዘንግ መሳይ፣ የግራው አጭር ሆነው ከመቀርቀሪያው ወገብ በኋላ ይቆለፋሉ። እጀታው 60 ዲግሪ ያህል ብቻ ይነሣል፤ ጥርሶቹ ከፊት ስላልሆኑም ጥይቱ ወደ መጉረሻው የሚሄድበት መንገድ ክፍት ነው፣ የሚሰናከልበት ጠርዝ አያገኝም። መቺ መርፌው የሚወጠረው መቀርቀሪያው ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ በመሆኑ እጀታውን ማንሳት ቀላል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የእንግሊዝ እግረኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 15 ጥይት ወደ 300 ያርድ ዒላማ እንዲተኩስ ይጠበቅበት የነበረው በዚህ መቀርቀሪያ ነው። ጥርሶቹም በግልጽ የሚታዩ ስለሆኑ በጭቃ ቢለወሱ በጨርቅ ጫፍ ይጸዳሉ።

ዋጋው የሚከፈለው በመለጠጥ ነው። ከጥርሶቹ ፊት ያለው ረጅሙ የመቀርቀሪያ አካል በእያንዳንዱ ተኩስ በጥቂቱ ይጨመቃል፣ የቤቱ ግድግዳም ይለጠጣል፤ ሁለቱ ጥርሶች መልካቸው የተለያየ ስለሆነ ደግሞ መለጠጡ በግራና በቀኝ እኩል አይደለም። ቀለሃው ይህን ተከትሎ ስለሚረዝም ደጋግሞ የተሞላ ቀለሃ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ሊበጠስ ይችላል። የኋላ ጥርስ ዒላማ ያስታል የሚለውን አነጋገር ግን በጥቅሉ አልቀበለውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1967 እስከ 1983 የተመረተው ርካሹ ሬሚንግተን 788 ከኋላ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ዘጠኝ ጥርሶች ነበሩት፤ ዒላማ በመምታትም ከእርሱ በእጅጉ የሚወደዱትን የሚያስንቅ ስም አትርፏል። ቤቱ ወፍራምና ድርቅ ያለ ከሆነ የኋላ ጥርስ ብቻውን ጥፋተኛ አይሆንም።

የእጀታው መነሻ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ጥርሶቹ በክበቡ ዙሪያ እኩል ሲደረደሩ በመካከላቸው ለማለፊያ የሚሆን ተመጣጣኝ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለሁለት ጥርስ መቀርቀሪያ ለመከፈት 90 ዲግሪ ያህል፣ ባለሦስት ጥርስ 60 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በተግባር ሠሪዎቹ ትንሽ ያሸጋሽጉታል፤ የፊንላንዱ ሳኮ 85 ባለሦስት ጥርስ ሆኖ 70 ዲግሪ ሲነሣ፣ የዚያው አገር ቲካ ቲ3 በሁለት ጥርስ ያንኑ 70 ዲግሪ አሳክቷል፤ የብራውኒንግ ኤ-ቦልት 60 ዲግሪ ነው። በ1958 የወጣው ዌዘርቢ ማርክ 5 ዘጠኝ ጥርሶቹን በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉም ሦስት ሦስት አድርጎ በመደርደር 54 ዲግሪ ብቻ ይነሣል። ስለዚህ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ለአዟዟር ሲታይ ሦስት ማለት ነው። ጥርሶቹም ከመቀርቀሪያው ወፍራም አካል ወጣ ብለው የቆሙ ሳይሆኑ ከራሱ ከአካሉ የተቆረጡ ትናንሽ ጥርሶች ናቸው፤ የአንዱን ስፋት ከማውዘር አንድ ጥርስ ጋር ያስተያየ ሰው ዘጠኝ ሲባል የሚሰማውን ያህል አይደነቅም። ጭነቱን የሚሸከመው የብረቱ ጠቅላላ ስፋት ነው እንጂ የቁርጥራጩ ብዛት አይደለም።

የመነሻው ማነስ ከጠመንጃው በላይ ትልቅ መነጽር ለሚገጥም ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው። በ90 ዲግሪ የሚነሣ እጀታ ከመነጽሩ የዓይን ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ ጓንት ያደረገ አዳኝ ጣቱ መካከል ላይ ይጣበቅበታል፤ በ60 ዲግሪ ግን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ መግጠም ይቻላል።

ይሁን እንጂ ብዙ መመሪያዎች የሚዘነጉት ሒሳብ አለ። እጀታው ሲነሣ የመቺ መርፌውን ሞላ ይወጥራል፤ በመጉረሻው ውስጥ የተጣበቀውን ቀለሃም ነቅሎ ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህ ሥራ በ90 ዲግሪ ቢሠራም በ60 ዲግሪ ቢሠራም መጠኑ ያው ነው። ዳገትን በጠመዝማዛው መንገድ የወጣ ሰውና ፊት ለፊት የገሰገሰ ሰው ከአንድ ከፍታ ቢደርሱም ሁለተኛው በየእርምጃው የበለጠ ያምጣል፤ አጭር መነሻ ያለው መቀርቀሪያም በእጅ ላይ ከበድ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥይቱ ጉልበታም ሆኖ ቀለሃው በሙቀት ቀን ሲጣበቅ፣ ተኳሹ ከትከሻው ሳያወርድ ደግሞ ለመተኮስ ሲፈልግ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። የአንዳንዶቹ ሠሪዎች የሞላና የተዳፋት አሠራር ይህን በሚገባ ያለዝበዋል፤ ሁሉም ግን አያደርገውም፤ ስለዚህ በእጅ ሳይሞክሩ በዲግሪው ቁጥር ብቻ መግዛት ስሕተት ነው።

ስለ መንሸራተቱም ጥቂት ልበል። ባለሁለት ጥርስ መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ሲሳብ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ በግድየለሽነት ከተገፋም በመንገዱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል፤ እንደ ዌዘርቢ ያለው ወፍራምና ወጥ መቀርቀሪያ ቤቱን ሞልቶ ስለሚሄድ ውዝዋዜው ያነሰ ነው።

መገናኘቱን ማረጋገጥ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው። በሥዕል ላይ ሦስት ጥርስ ያለው ጠመንጃ በእውነቱ በአንድ ጥርስ ብቻ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ጥቁር ማርከር ብቻ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ፣ ካዝናውም መጉረሻውም፣ በዓይንና በጣት ሁለት ጊዜ ከተረጋገጠ በኋላ መቀርቀሪያው ወጥቶ የጥርሶቹ ጀርባ ከዘይት ተወልውሎ ይጠቁራል። ቀለሙ ሲደርቅ መቀርቀሪያው ተመልሶ ይገባና ወደ ኋላ በስሱ እየተሳበ አሥር ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ወጥቶ ወደ መስኮት ብርሃን ሲያዝ ጥርሱ እውነቱን ይናገራል፤ ትከሻውን የነካው ክፍል ተፍቆ ብረቱ ያበራል፣ ያልነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በደንብ በተሠራ ባለሁለት ጥርስ ላይ ሁለቱም ጀርባዎች በአብዛኛው ስፋታቸው አብርተው ይታያሉ። አንዱ ጥርስ እንደ መስታወት አብርቶ ሌላው ቀለሙን እንደያዘ ከወጣ ግን ጭነቱ በአንዱ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ሁለት ጥርሶችን እኩል ማስገጠም ለሠራተኛው የቀለለ ነው፤ ዘጠኙን ሁሉ በአንድ ላይ ማስገናኘት ግን ትክክለኛ ማሽንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ከርካሽ ባለብዙ ጥርስ ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራ ባለሁለት ጥርስ የምመርጠው። ባለሁለት ጥርስም የራሱ ድካም አለው፤ ሲቆለፍ አንዱ ጥርስ ላይ አንዱ ታች በሚቆምበት እንደ ሬሚንግተን 700 ባለ ጠመንጃ የምላጩ አሠራር የመቀርቀሪያውን ጭራ ወደ ላይ ስለሚገፋው የላይኛው ጥርስ ከትከሻው በጥቂቱ ሊለቅ ይችላል። ከ1958 ጀምሮ የሚሠራው ሳቬጅ 110 ለመገጣጠም ችግር የተለየ መፍትሔ አለው፤ ጥርሶቹን የያዘው ራስ ከአካሉ የተለየና በትንሹ የሚላወስ በመሆኑ ሲቆለፍ ራሱን ከትከሻዎቹ ጋር ያስተካክላል። በዝቅተኛ ዋጋ ዒላማ የሚመታ ጠመንጃ ለሚፈልግ ሰው ይህን አሠራር ሳልጠራጠር እመክራለሁ።

ጥርሱ እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ ሌላው ነገር ሊያጠፋው እንደሚችል ታሪክ ያሳያል። የካናዳው ሮስ ጠመንጃ የ1910 ሥሪቱ እንደ ተቆራረጠ ብሎን ያሉ ብዙ ጥርሶች ነበሩት፤ በጥንካሬው የሚነቅፈው አልነበረም። ነገር ግን መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሲሳብ የኋለኛው የግራ ጥርስ ከትንሽ የማቆሚያ ብረት ጋር እየተጋጨ ጠርዙ ይጎብጥ ነበር፤ በ1915 በቤልጂጓ ኢፕር ጭቃ ውስጥ ወታደሮቹ የተጣበቀውን መቀርቀሪያ በጫማቸው እየረገጡ ለመክፈት ተገደዱ። ከዚህም የከፋው፣ መቀርቀሪያው ተፈታቶ በስሕተት ቢገጠም ጥርሶቹ ሳይቆለፉ ሊዘጋና ሊተኮስ መቻሉ ነበር። የአሜሪካው ክራግ-ዮርገንሰን ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ነበረው፤ በ1899 የጥይቱን ፍጥነት በሴኮንድ ከ2,000 ወደ 2,200 ጫማ ገደማ ለማሳደግ ሲሞከር ጥርሱ መሰንጠቅ ጀመረና ሙከራው ቀረ። እርሱን የተካው ስፕሪንግፊልድ 1903 በአንጻሩ የማውዘርን ጥርሶች ሙሉ በሙሉ ወርሶ ሳለ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተሠሩት ከ800,000 በታች ተራ ቁጥር ያላቸው የመቀርቀሪያ ቤቶቹ በቀላሉ ተሰባሪ ሆኑ። የብረቱ ሙቀት የሚገመተው በሠራተኛው ዓይን ስለነበር፣ የፀሐይ ብርሃንና ደመና የግለቱን ቀለም እያለዋወጡ አሳስተውታል። እነዚህን ዝቅተኛ ቁጥሮች ዛሬም ቢሆን አለመተኮስ ይመከራል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ለተለመደ አደንና በገጠር መንገድ ላይ ለሚንገላታ ጠመንጃ የማውዘር ዓይነቱን፣ ሁለት የፊት ጥርስና አንድ የኋላ ዘበኛ ያለውን፣ እመርጣለሁ፤ ቀለሃውን አጥብቆ የሚይዘው ረጅሙ ጎታች ብረትም ከጥርሶቹ ጋር ተባብሮ የተጣበቀ ቀለሃ በማውጣት አያሳፍርም። ትልቅ መነጽር ለሚገጥምና በብርድ አገር በጓንት ለሚያድን ሰው በአውሮፓ የተሠሩት 60 እና 70 ዲግሪ የሚነሡት ባለሦስት ጥርሶች ይሻላሉ። ከወረቀት ዒላማ ለሚተኩስ ሰው የጥርሱ ቁጥር ከመገናኘቱ ያነሰ ቦታ አለው። የማይዞረውን፣ በቀጥታ ተስቦ ዙሪያውን በሚከፈት ቀለበት የሚቆለፈውን እንደ ብላዘር አር8 ያለውን ፍጥነት የሚሻ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ይወቅ።

ያገለገለ ጠመንጃ የሚገዛ፣ ወይም ከአያቱ የወረሰውን በልጅግ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን ከምርጫ በፊት ምርመራ ይቀድመዋል። የጥርሱ ሥር ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን በማጉያ መነጽር ለፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። የትከሻዎቹ ብረት ለብዙ ዓመት ሲደቆስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ እጀታው ሲነሣ ያዝ የማድረግ ስሜት ይሰጣል። በመቀርቀሪያው ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት በባለሙያ መለኪያ መታየት አለበት፤ ለሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ይህን ለማስተካከል ከ0 እስከ 3 ቁጥር የተሰጣቸው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ራሶች ነበሩ፣ ማውዘር ግን እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ የለውም። ቤቱና መቀርቀሪያው የተለያየ ቁጥር ከያዙ ጥርሶቹ ከሌላ ትከሻ ጋር የተዋደዱ ናቸውና ጠመንጃው ሳይለካ አይተኮስ። በመጨረሻም ሻጩ ከዚያው ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለሃ ካለው ይጠየቅ፤ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ቀለሃውን የሚዞር የሚያበራ ቀለበት ከታየ፣ ጥርሶቹ ምንም ያህል ቢበዙ፣ ግዢው ባለሙያ እስኪያየው ይቆይ።